ሞተሩ አልተነካም

የመኪናውን ስም አልጽፍም። በዚያ ሳምንት ብቻ ሁለት መቶ ጊዜ ያህል ጽፌዋለሁ፤ ይበቃዋል። ጃፓን ሠራሽ እንደሆነ፣ በከተማችን ከሚሄዱት መኪኖች ግማሹ እሱ እንደሆነ፣ ባለቤቶቹም ስለ እሱ ሲያወሩ ስለ በኩር ልጃቸው የሚያወሩ እንደሚመስሉ ካወቃችሁ በቂ ነው። እኔ የምነግራችሁ የአባቴን ታሪክ ነው። አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የእነዚህን መኪኖች ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሜካኒክ ነው። ባለመኪኖቹ «ዶክተር» ይሉታል። እሱን ደስ ይለዋል፤ እኔን ያንገበግበኛል። ታካሚዎቹ በሙሉ ታመው አያውቁም የሚባልለት ዶክተር የት አለ?

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ዘንድ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ቀለሙን እንኳ ሳያይ «ሞተሩ ተነክቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ተነክቷል ማለት አንድ ሜካኒክ ፈትቶታል ማለት ነው። አንዴ የተነካ ሞተር ከአዲስ በልጦ ቢሠራም ስሙ ይጠፋል፣ ገዢው ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ ሃያ ስድስት ዓመት የተነዳ፣ ዘይት እንደ ውኃ ሲጠጣ የከረመ፣ ዳገት ላይ ሰፈሩን በጭስ ሲያጥን የኖረ መኪና ሁሉ ባለቤቱ ፊት ሲቀርብ «አልተነካም» ነው። መኪኖቹን ወደ አባቴ ጋራዥ የሚያስገቡት በጓሮው በር ነው። የፊቱ በር ለዘይትና ለጎማ ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ አባቴ ራሱ ነገሩን መልመዱ ነው። ገዢ መጥቶ ሲጠይቀው፣ ትናንት የሞተሩን ክዳን ቴስታታውን አውርዶ፣ የፒስተኑን ቀለበት ፋሻውን ቀይሮ፣ ወገቡን ይዞ ቤት የገባ ሰው እጁን በጨርቅ እየጠረገ «አልተነካም» ይላል። ማንም አልከፈለውም፣ ማንም አላስፈራራውም። ይሉኝታ ነው። «ደንበኛዬን ላሳጣው እንዴ?» ይለኛል።

ቀኝ እጁን ብታዩት የሌባ ጣቱ በአንድ አንጓ ያጥራል። ያቺ አንጓ የቀረችው የዳይሬክተሩ መኪና ውስጥ ነው። ዳይሬክተሩ እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረ፣ አሁን ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ፊት ለፊት «ጋሼ» እና «እርስዎ» ነው የምለው፤ እዚህ ግን አልልም። አባቴ ጎንበስ ብሎ የሞተሩን ቀበቶ ችንጋውን ሲያጠባብቅ፣ ዳይሬክተሩ ቸኩያለሁ ብሎ ገባና ቁልፉን አዞረው። ጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አባቴ በዚያው ቀን ሥራውን ጨርሶ አስረከበው። ይኼ ሰው ነው እንግዲህ በሰልፍ ፊት ውሸታም ተማሪ ያንበረክክ የነበረው።

ባለፈው ወር ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ደብዳቤ ላከ። ሞተር የሚፈታ ጋራዥ ሁሉ የደረጃ ምስክር ወረቀት ያውጣ፤ የሙያ ትምህርት ማስረጃ የሌለው ሜካኒክ፣ ሞተሩን ፈትቶ የሠራለት አንድ ባለመኪና በአካል ቀርቦ ይመስክርለት፤ ይህን እስከ ወሩ የመጨረሻ ዓርብ ያላሟላ ከዘይትና ከጎማ በቀር ምንም አይንካ ይላል። አባቴ ሥራውን የተማረው ከመኪና ሥር ተኝቶ ነው፤ ማስረጃ የለውም። ደብዳቤውን ሳነብለት ግን ሳቀ። «አንድ ሰው ብቻ? እኔ እኮ አንድ ከተማ ሙሉ ሰው አለኝ» አለ።

መጀመሪያ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄደ። ሰውየው ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጦ፣ ሻይ አስቀርቦ፣ የአባቴን ጉልበት መታ መታ እያደረገ «ዶክተር፣ እጅህ ወርቅ ነው። ግን እኔ ምን ብዬ እመሰክራለሁ? የእኔ ሞተር እኮ አልተነካም» አለው። ያችን የጎደለች ጣት እያየ! ሌሎቹም ያው ናቸው። አንዱ ልሸጣት ነው አለ፣ ሌላው ለልጄ ላወርሳት ነው አለ፣ አንዱ ጭራሽ ስልኩን ዘጋበት። ሰፈር ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ወዳጅ አለው፣ አብረው ዳማ የሚጫወቱ። «ለምን እሱን አትጠይቀውም?» ስለው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ሥራው ዞረ። አፍሮ ነው ብዬ ተውኩት።

እኔ የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው፤ ጽሑፍ በኮምፒውተር እለቅማለሁ። በዚያው ሰሞን መኪናውን የሚያስመጣው ድርጅት የአርባኛ ዓመት በዓሉን ሊያከብር መጽሔት አዘዘና ሥራው እኔ ጠረጴዛ ላይ ወደቀ። የመጀመሪያው ክፍል የመኪናው ታሪክ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ወድጄው ነበር። መኪናውን የሚሠሩት ጃፓኖች አጀማመራቸው በሽመና ነው። መሥራቹ ሰውዬ አንድ ክር ከተበጠሰ ራሱን በራሱ የሚያቆም መሸመኛ ሠራ፤ መኪናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እራት ላይ ይህን ስነግረው አባቴ ጉርሻውን አፉ ጋ ሳያደርስ ቆመ።

«ሲበጠስ ይቆማል? ማንም ሳይነካው?»

«ማንም ሳይነካው።»

«ጨዋ ማሽን ነው» አለ። «ተበጥሻለሁ የሚል።»

ሁለተኛው ክፍል «የባለቤቶች አስተያየት» ነው። አርባ አንድ ባለመኪና ፎቶውን አስደግፎ ስለ መኪናው ጽፏል። የመጀመሪያውን ስለቅም አልተሰማኝም። አምስተኛው ላይ እጄ ቆመ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነዳሁት፤ ሞተሩ አልተነካም።» «ከአባቴ ወረስኩት፤ ሞተሩ አልተነካም።» «ገጠር ከተማ አልልም፣ ሞተሩ አልተነካም።» ሰሌዳ ቁጥሮቹን አውቃቸዋለሁ እኮ! በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ስመለስ እነዚህን ሞተሮች በርሜል ላይ ተዘርግፈው አይቻቸዋለሁ፤ ብሎናቸውን በነጭ ጋዝ አጥቤአለሁ። የዳይሬክተሩ ሙሉ ገጽ ነበር። መኪናዋን ተደግፎ እጁን አጣምሯል። «የጃፓን ሥራ እንዲህ ነው» ይላል። «በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የማንም እጅ አልገባባትም።» የአባቴ ጣት ግን እዚያ ውስጥ ቀርታለች። ዓይኑን በጨው ያጠበ!

ሰኞ ዕለት አባቴ ሞተሯን ፈትቶ የሠራላት አንዲት ነርስ «እኔ እመሰክራለሁ» አለች። ምስክር ያጣንበት አገር ውስጥ እሷ ብቻ ሰው ሆነች። መኪናዋን ለመሸጥ እየተስማማች ቢሆንም ወደ ኋላ አላለችም። እኔ ለአባቴ ቅጽ ልሞላለት አብሬው ሄድኩ። አዳራሹ አንድ ነው፤ በአንዱ መስኮት ፈቃድ ይሰጣል፣ በሚቀጥለው የመኪና ስም ይዛወራል። ለካ ገዢውም በዚያው ቀን ስም ሊያዛውር ተቀጣጥረው ኖሮ፣ ኮቱን ክንዱ ላይ አድርጎ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሟል።

የመስኮቷ ሠራተኛ ሳትደብቅ ጮክ ብላ ጠየቀች። «ይኼ ሜካኒክ የመኪናሽን ሞተር ነክቷል?»

ገዢው ቀና አለ። ነርሷ ቀላች፤ ግን አፏን ከፈተች። «አዎ፣ እሱ…»

«አልተነካም!» አለ አባቴ። «ዘይት ብቻ ነው የቀየርኩላት።»

ሠራተኛዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ታዲያ ምን ልትመሰክር ነው ያመጣሃት?» ብላ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ጽፋ መለሰችልን። ነርሷ አባቴን አየችው፣ ከዚያ ገዢው ጠራትና ወደሚቀጥለው መስኮት ሄደች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የመኪናዋ ባለቤት እሷ አይደለችም። ምስክርነቷም አብሮ ሄደ። ገዢውም ተዋሽቶበት በደስታ እየሳቀ ወጣ።

ደረጃው ላይ ሰው እየሰማኝ ጮህኩበት። «አባዬ፣ ምን ነካህ?»

የጎደለችውን ጣቱን በሌላው እጁ ይዞ ቆመ። «ሳላስበው ነው የወጣው» አለ። «ሰው ፊት ሲጠይቁኝ… አፌ ለምዶ ነው፣ ልጄ።»

ልጮህበት የቀረኝን ሁሉ ይዤ ማተሚያ ቤት ገባሁ። መጽሔቱ በዚያ ቀን ወደ ማሽን መውረድ ነበረበት። ኮምፒውተሩ አንድን ቃል ከጽሑፉ ሁሉ ፈልጎ በሌላ ይተካል፤ አንድ ቁልፍ ነው። መፈለጊያው ላይ «አልተነካም» ብዬ ጻፍኩ። መተኪያው ላይ «በዶክተሩ ተነክቷል» ብዬ ጻፍኩ። አርባ ቦታ ተተካ አለኝ። የዳይሬክተሩ አጻጻፍ የተለየ ስለነበር እሱን በእጄ አስተካከልኩት፤ «የማንም»ን አውጥቼ «የዶክተሩ እጅ ሦስት ጊዜ ገብቶባታል» አልኩ። አለቃዬ ከሽፋን በቀር አንብቦ አያውቅም፤ ፈረመ። አምስት መቶ ቅጂ ታተመ። አልጸጸተኝም፤ ዛሬም አይጸጽተኝም።

በዓሉ ሐሙስ ጠዋት ነበር፤ መጽሔቱም እዚያው ታደለ። ከሰዓት በኋላ ሥራዬን ካጣሁ ሁለት ሰዓት ሆኖኝ ጋራዡ ውስጥ የጎማ ክምር ላይ ተቀምጫለሁ። ዳይሬክተሩ በፊት በር ገባ። በፊት በር ሲገባ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ከኋላው አምስት ስድስት ባለመኪና ተከትሎታል፤ ባለታክሲውም አለበት። የዳይሬክተሩ ፊት በርበሬ መስሏል፤ መጽሔቱን አባቴ አፍንጫ ሥር አወናጨፈው።

«ምን ነካህ አንተ ሰው! በምስጢር የሰጠሁህን መኪና ጋዜጣ ላይ ታወጣብኛለህ?»

ይህን ብሎ ራሱ ደነገጠ። ከኋላው ያሉት እርስ በርስ ተያዩ፤ ባለታክሲው ሳቁን በእጁ አፈነ። ዳይሬክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በል፣ እዚህ ሰው ፊት ሐሰት ነው በል። አልነካሁትም በል» አለ።

አባቴ ያውቅ የነበረው ነገር የለም፤ ገና አሁን መስማቱ ነው። መጽሔቱን ተቀብሎ የዳይሬክተሩን ገጽ ቀስ ብሎ አነበበ። ወደ እኔ አየ። «አልተነካም» ካለ ያን ጋራዥ ጥዬ እሄዳለሁ፣ ቤቱንም አልረግጥም ብዬ ነበር በልቤ።

«እኔን ምንም አልነካኝም፣ ጋሼ» አለ። «ሞተርዎን ግን ነክቼዋለሁ። ሦስት ጊዜ። ልጄ ቁጥሩን አልሳተችም።» እጁን አነሳና አሳየው። «በሁለተኛው ጊዜ እርስዎም ነበሩ።»

ዳይሬክተሩ «ደህና!» አለ፣ «ደህና!» እያለ ወጣ። ሌሎቹም አንድ በአንድ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው ተከተሉት። የነገውን ምስክርነት ያነሳ አንድም ሰው የለም። የቀረው ባለታክሲው ነው።

«ዶክተር» አለ እየሳቀ፣ «እኔማ ከታተመብኝ ወዲያ ምን እደብቃለሁ? የእኔም ገጽ ላይ ተነክቷል ይላል፤ ይበል! ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሮው በር ላይ ነኝ። ነክቷል እላለሁ፣ አለቀ ደቀቀ።»

ከጎማው ላይ ዘልዬ ተነሳሁ። ልስመው ምንም አልቀረኝም። ለሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ሰው!

አባቴ ግን ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ መጽሔቱን ይገልጥ ነበር። የባለታክሲውን ገጽ አገኘ፤ አንዲቷን መስመር ሰረዘና ከላይዋ በዚያች አጭር ጣቱ እየደገፈ ጻፈ።

«የአንተን እኔ አልነካሁትም» አለው። «እውነትም አልተነካም። የአንተ ብቻ ነው።»

«ኧረ ዶክተር፣ ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።» መጽሔቱን ሰጠኝ። «ይቺን ተሳስተሻል፤ አርሚያት።»

ለሌላው ሲል ዕድሜውን ሙሉ የዋሸ ሰው፣ ለራሱ አንዲት ቀን መዋሸት አቃተው። አለቀስኩ፤ ከሐዘን ይልቅ ከንዴት ነው ያለቀስኩት።

ዓርብ አለፈ። በጋራዡ በር ላይ «ዘይትና ጎማ ብቻ» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ የጓሮው በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ዳይሬክተሩ ነው፤ ከኋላው መኪናዋ ቆማ ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች።

«ልጄ» አለኝ ግራ ቀኝ እያየ፣ «እስቲ አባትሽን ጥሪልኝ። ቶሎ።»

«አይዞዎት፣ ጋሼ» አልኩት። «ሞተርዎ አይነካም።»

በሩን ዘጋሁት።