የኩፍኝ መጋረጃ

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ይኼን ሳልደብቅ ልጀምር። ልጄን ሊገላት የነበረው ኩፍኙ ብቻ አልነበረም፤ የእኔ ፍርሃትም ነበር።

ሁለት ዓመት አልሞላትም። ክትባቷን ያሳለፍኩት በስንፍና አይደለም። የክትባቱ ቀን ከገበያ ቀን ጋር ገጠመ፤ እኔ ደግሞ አሰላ ገበያ ድንች ካልሸጥኩ ማታ የሚቀመስ የለም። «በሚቀጥለው እወስዳታለሁ» አልኩ። የሚቀጥለውም የገበያ ቀን ሆነ።

ፊቷ ሽፍ ሲል አማቴ አይተው «ኩፍኝ ነው» አሉ። እኛ ሰፈር ኩፍኝ የራሱ ሥርዓት አለው። መጋረጃ ይጋረዳል፣ ቤቱ ይጨልማል፣ ከውጭ የመጣ ሰው አይገባም። መርፌማ ጨርሶ አይታሰብም፤ ከተወጋች ሽፍታው ወደ ውስጥ ይገባና ይገድላታል ይባላል። «መርፌ እንዳታስነኪያት፣ በእናትሽ!» አሉኝ አማቴ። ሁለት ልጆች ቀብረዋል፤ እሳቸውን ለመቃወም ምን አፍ አለኝ?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ናት፤ ቤት ለቤት እየዞረች ነው። «እትዬ፣ ትኩሳትና ሽፍታ ያለበት ልጅ አለ?» አለች ከደጅ።

«ኧረ ማንም የታመመ የለም!» አልኩ ቶሎ ብዬ። በሩን እንኳ አልከፈትኩም። ልጄ ልታስል ስትል አፏን በእጄ አፈንኩት። እጄ ይሰበር! የጤና ኤክስቴንሽኗ ትንሽ ቆማ ሄደች፤ ጫማዋ ጭቃው ላይ ሲንቦጫረቅ ይሰማኝ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ልጄ ውሃ አልጠጣም አለች። በተነፈሰች ቁጥር ጎኗ ስርጉድ ይላል። ብጠራት ዓይኗን አልገለጠችም። «እማማ፣ ልጄ ልታመልጠኝ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አማቴ መጋረጃውን በገዛ እጃቸው ቦጭቀው ጣሉት። «ውሰጃት! ምን ትጠብቂያለሽ?»

በዚያ ጭቃ ባጃጅ አይወጣም። ገብስ የጫነ ጋሪ አስቆምኩ፤ ባለጋሪው ልጄን አንዴ አይቶ ጆንያውን ሁሉ መንገድ ዳር አራገፈ። ሆስፒታል እስክንደርስ እጄን ከደረቷ ላይ አላነሳሁም። ትንፋሿ ትንሽ በዘገየ ቁጥር የእኔ ነፍስ ትወጣለች።

ሐኪሙ «ሳንባዋን ነክቷታል። መቼ ጀመራት?» ሲለኝ «ትናንት» ልል ምንም አልቀረኝ። «ሦስት ቀኗ» አልኩ አፍሬ። መርፌውን ሲወጋት ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አሁን ሞተች ብዬ። አልሞተችም። ለቀናት በኦክስጅን ስትተነፍስ ቆይታ አንድ ጠዋት «ዳቦ» አለችኝ። ያን ቀን እንዳለቀስኩት አልቅሼ አላውቅም።

አሁን ገበያ በማልወጣበት ቀን ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ቤት ለቤት እዞራለሁ። አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ባለፈው ሳምንት አንድ የተዘጋ በር አንኳኳን።

«ኧረ ማንም የታመመ የለም!» አለች አንዲት ሴት ከውስጥ፣ ቶሎ ብላ።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ወደ ሌላ ቤት ልትሄድ ዞረች። እኔ ግን ያን ጥድፊያ አውቀዋለሁ። ደፉ ላይ ተቀመጥኩ።

«እህቴ፣ እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር» አልኳት። «የልጄን አፍ አፍኜ።»

ወዲያው ከውስጥ የታፈነ ሳል ሰማሁ።

«እባክሽ፣ እጅሽን አንሺ» አልኩ። መቀርቀሪያው እስኪነሳ ድረስ ከደጇ አልተነቃነቅኩም።