ዘንቢል ይዤ እሁድ ገበያ

"ምነው፣ ሚስትህን አመማት እንዴ?"

ዛሬ አያት ሰፈር፣ እሁድ ገበያ ላይ ሽንኩርት ስመርጥ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ጮክ ብለው የጠየቁኝ ነው።

"ደህና ናት እትዬ። እኔም ስለምበላ ነው የመጣሁት" አልኳቸው። በዙሪያችን ያሉት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩኝ።

አልዋሽም፣ የመጀመሪያ ቀኔ መሆኑ ያስታውቃል። ድንች ገዝቼ ዝም ብዬ ልሄድ ስል ድንቹን የሸጡልኝ ከሰንዳፋ የመጡ ገበሬ "የኔ ልጅ፣ ምርቃት አትጠይቅም እንዴ?" ብለው ጠሩኝና ሦስት ድንች ጨመሩልኝ። እትዬ አልማዝ ሳቁብኝ። ይሳቁ!

ስመለስ በጓሮ በር አልገባሁም። የገዛሁት ጎመን ከዘንቢሉ ተንጠልጥሎ፣ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ በተቀመጡት ጓደኞቼ ፊት ቀስ ብዬ አለፍኩ። ሳቁ።

አሁን ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ደወለልኝ። "ስማ፣ ለሚቀጥለው እሁድ ለእኔም ሽንኩርት ታመጣልኛለህ?"

"የራስህን ዘንቢል ይዘህ ና" አልኩት።

ወንዶች፣ እናንተስ ዘንቢል ይዛችሁ ስትወጡ ምን ተባላችሁ?