የእትዬ በለጡ ጦስኝ

ባለፈው ቅዳሜ መሐል ሜዳ ገበያ አንዲት ሴት የደረቀ ጦስኝ በመዳፏ አሽታ ወደ አፍንጫዬ ስታስጠጋው ወደ ኋላ አልሁ።

«ከየት ነው የተነቀለው?»

«ምነው እቴ፣ ልትገዢ ነው ልትከሺኝ?» ብላ ሳቀች።

የጦስኝ ሽታ ሲመጣብኝ ጥርጣሬም አብሮ ይመጣል። ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን እትዬ በለጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት፣ ከደጃቸው ካብ ሥር ጦስኝ አብቅለው ነበር። ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ ገብሳችን ሳያፈራ ሲገረጣ፣ የእሳቸው ደጅ ሐምራዊ አበባ ለብሶ በንብ ያጉረመርም ነበር። ውኃ ሲያጠጡት ያየ የለም።

«ቀፎ የሌላት ሴት አበባ ምን ያደርግላታል?» ይላል አባቴ፣ ንቦቹ ወደዚያ ሲመላለሱ በዓይኑ እየተከተለ። «ንቤን በመድኃኒት ልትስብ ነው እንጂ።»

እናቴ ደግሞ «ከተዘጋው ጓሳ ነው የነቀለችው» አለች። ይኸ ከመድኃኒቱም ይብሳል። ጓሳ፣ የአገሩ የጋራ ሣር መሬት፣ ተዘግቶ ሳለ አንድ ሥር የነካ፣ ሲከፈት ሣር አያጭድም። የእትዬ በለጡ ጣሪያ ደግሞ ያን ዓመት ካልተከደነ ክረምቱን አይወጣም።

ሽማግሎች እትዬ በለጡ ደጅ ተሰበሰቡ። «አንቺስ ምን አየሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አፈር በቁና ሲያስገቡ አይቻለሁ» አልሁ። አፈር ካለ ጦስኙ ከነሥሩ ተነቅሏል ማለት ነው። ቁናውን አይቻለሁ፤ ውስጡን ግን አላየሁም።

እትዬ በለጡ ቁናውን ራሳቸው አምጥተው ሽማግሎቹ ፊት ገለበጡት። አፈር የለውም። የሣር እብቅ ነው፣ በመካከሉ ደቃቅ ዘር።

«ጓሳ ሲከፈት ሰው ሁሉ ሣሩን ለክዳን ያራግፋል፤ እኔ ጉድፉን እጠርጋለሁ። ይኸኛው ከአንተው ደጅ ነው፣ ሽፈራው» አሉት አባቴን። «ዘሩ ከሣሩ ጋር ይመጣል። ውኃ ከበዛበት ይበሰብሳል፤ ለዚያ ነው የማላጠጣው።»

«ታዲያ ለማን ብለሽ?»

«ለንቦችህ ነዋ! ዘንድሮ ሌላ ምን ሊቀስሙ? ተርበው ሲጠፉብህም በለጡ ወሰደቻቸው ልትል!»

ሽማግሎቹ ሳቁ። አባቴ እብቁን በጣቱ አሽቶ አሸተተው። ጓሳ ሲከፈት እትዬ በለጡ ሣራቸውን አጨዱ፤ ጣሪያውን የከደነላቸው አባቴ ነው። ያኔም ከላይ ሆኖ ንቦቹ የት እንደሚገቡ ይሰልል ነበር።

እኔ ስሸሻቸው ሰንብቼ አንድ ቀን መንገድ ላይ ያዙኝ። «ያየሽው ቁና ነው፤ አፈሩን የጨመርሽበት አንቺ ነሽ» አሉኝ። አልመቱኝም፣ ለእናቴም አልነገሩ።

ፊደል የቆጠርሁት ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ ነው፤ እሳቸው ያኔ አርፈዋል። እስከ ዛሬ አንድ መስመር በጻፍሁ ቁጥር ቆም ብዬ የገዛ ቃሌን እጠይቃለሁ፤ ብዙውን ጊዜም እሰርዘዋለሁ።