ሽማግሌው የጣላቸው ሁለት ንጉሦች

ወንድሜ ፖከር ተጫውቶ አያውቅም። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም ወሬውን የሰማ ሁሉ ቁማርተኛ ነው ብሎ ይደመድማል። አንድም ቀን ካርታ ይዞ ጠረጴዛ ላይ አልተቀመጠም። እሱ የሚወደው ሌላ ሰው ሲጫወት ማየትና «እዚህ ጋ ነው የተሳሳተው» ማለት ነው።

እዚያው ሰፈራችን ካዛንቺስ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ባርማን ሆኖ ብዙ ዓመት ሠርቷል። ከባንኮኒው በላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ኳስ በሌለበት ሰዓት የፈረንጅ ቁማር ያሳያል። ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሰዎች ክብ ጠረጴዛ ከበው፣ የኛን ሰፈር በሙሉ የሚገዛ ገንዘብ በአንድ እጃቸው ገፋ ያደርጋሉ። ወንድሜ ብርጭቆ እየወለወለ ያንን ሲያይ ኖረ። ሆቴሉ ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ተቀነሰ፤ አመሉ ግን ቤት ድረስ ተከትሎት መጣ። እኔ ሜክሲኮ ነው የምሠራው፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ውዬ ስመለስ እሱ ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ፣ እማዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ትንታኔው ደርቶ አገኛቸዋለሁ።

እማዬ ዓይኗ ሄዷል። ሰው በመስኮቱ ሲያልፍ ጥላውን ታያለች፣ ከዚያ በላይ የለም። ስለዚህ እሱ ያይላታል።

«እማዬ፣ ይሄ ባለ ባርኔጣው ሽማግሌ ሁለት ንጉሥ ይዟል። ትልቅ ካርታ ነው። ያኛው ጎረምሳ ግን ምንም የለውም፣ ባዶውን ነው። አሁን ያለውን ሁሉ ገፋ! በባዶ እጁ እያስፈራራው ነው።»

«ውይ፣ ሽማግሌው አወቀበት?»

«የት ያውቃል! ላቡን እየጠረገ ነው። ባርኔጣውን አወለቀ... ጣለ! እማዬ፣ ሁለቱንም ንጉሥ ጣለ፣ ገንዘቡን ለባዶው ለቀቀለት! አየሽ?»

«አየሁ ልጄ» ትላለች እማዬ፣ ከልቧ አዝና።

ይሄን አንድ ጨዋታ ስንቴ እንዳሳየን አልነግራችሁም፤ ባርኔጣው ሳይቀር ሰለቸኝ። ሁሌም መጨረሻው ላይ ያቆመውና ያስተምረናል። ሰውዬው የሚያስፈራራ መሆኑን ማወቅ ከፈለግሽ ታሪኩን እዪ፤ ከዚህ በፊት ምን አድርጓል? ደግሞ እጁን እዪ፤ የሚዋሽ ሰው እጁ አርፎ አይቀመጥም። አንድ ቀን ነደደኝና «እንዴ፣ አንተ የሁለቱም ካርታ ስክሪኑ ላይ ተጽፎልህ ነው እኮ የምትፈርደው፤ ሽማግሌው ምን ያርግ?» አልኩት። ስሜታዊ አትሁኚ አለኝ። ስሜታዊ! ያቺን ቃል ሲላት ነው የሚያበግነኝ።

አሁን ስለ ግድግዳው ልንገራችሁ። ቤታችን የቀበሌ ቤት ነበር፣ ጭቃ። ከጎረቤታችን ከእትዬ ጋር የምንለየው በአንድ ግድግዳ ነው። እትዬ ጆሯቸው ከብዷል፤ ካልተጮኸ አይሰሙም፣ ተጮኾም ግማሹን ነው። አልጋቸውን ከግድግዳው አስጠግተው ይተኛሉ። እማዬ ጠዋት ስትነቃ በጋብቻ ቀለበቷ ግድግዳውን ታንኳኳለች። እሳቸው አይሰሙትም፤ ግን እጃቸውን ለጥፈው ስለሚተኙ ንዝረቱ ይደርሳቸዋል። ከዚያ በመዳፋቸው ዱም፣ ዱም ያደርጋሉ። በቃ፣ ሁለቱም ነግቶላቸዋል ማለት ነው። የማታይ ሴትና የማትሰማ ሴት እንዴት ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ያ ግድግዳ ነው። ቀን ላይ እትዬ ይመጡና እጇን ይዘው ሽንት ቤት ያደርሷታል፤ እሷ ደግሞ በር ሲንኳኳ፣ ስልክ ሲጮህ፣ ክንዳቸውን ነካ እያደረገች ትነግራቸዋለች። እኔ ሥራ ውዬ የምገባው ልቤ ሳይሰቀል ነበር።

በራችን ላይ ቀይ ቁጥር የተጻፈው ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። ሰፈሩ ሊነሳ ነው ተባለ፣ ለኩ፣ ፎቶ አነሱ፣ ሄዱ። ከዓመታት በኋላ ሌሎች መጡና ከጎኑ ሌላ ቁጥር ጻፉ። እነሱም ሄዱ። ከዚያ ደግሞ ሌላ። ግቢያችን መግቢያ ላይ የነበረ አንድ ልብስ ሰፊ በሁለተኛው ደንግጦ ቀድሞ ወጣ፤ ከተማው ዳር ቤት ተሰጥቶት ሄደ። እኛ እዚያው ቀረን። ሰውዬው አልፎ አልፎ እየመጣ የድሮ በሩን አይቶ ይመለስ ነበር። ወንድሜ ባየው ቁጥር «ሁለት ንጉሡን የጣለው ሰውዬ መጣ» ይል ነበር፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳይሰማው።

የመጨረሻዎቹ ሲመጡ በዕድሩ አዳራሽ ሰበሰቡን። የተናገረችው ከወረዳ የመጣች ወጣት ልጅ ናት፣ አንገቷ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለች። ሰፈሩ ይነሳል አለች። ጎን ለጎን መኖር የምትፈልጉ ጎረቤታሞች እስከ ዓርብ አብራችሁ ተመዝገቡ፤ በአንድ ዕጣ አንድ ፎቅ ላይ ይደርሳችኋል። ከዓርብ በኋላ ግን ሁሉም ለየብቻው ነው፣ የትም ሊደርሰው ይችላል። የእትዬ ልጅ ይሄንን በእናቷ ጆሮ ጮኸች። እትዬ ሲገባቸው የእማዬን እጅ ፈልገው ያዙ።

«እኔና አንቺ አንድ ግድግዳ!» አሉ፣ የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙ አዳራሹን በሙሉ አሰምተው። ሰው ሳቀ። እማዬም ሳቀች።

ወደ ቤት ስንመለስ ወንድሜ «አላመነችበትም» አለ።

«ማን?»

«ልጅቷ። ዓርብ ስትል የመታወቂያዋን ገመድ ስትጠመዝዝ አላየሽም? እጇ አላረፈም እኮ።»

ከዚያ ተነተነው። ከዚህ በፊት መጥተው፣ ቆርጠናል ብለው፣ ሁሌም ተመልሰዋል። አሁንም በባዶ እጅ ነው። ከተመዘገብን ግን ፈቅደን ለቀቅን ማለት ነው፣ ካርታችንን ጣልን። ዝም ካልን እንደ ድሮው ይሄዳሉ። ኧረ ተው አልኩ። ይሄ ቴሌቪዥን አይደለም አልኩ። ጮህኩ። እማዬን «ምን ይጎዳሻል፣ ተመዝገቢ፤ ካልመጡ ካልመጡ ነው!» አልኳት። እሱ ደግሞ «ፊርማ ፊርማ ነው እማዬ» አላት። ውሉ በስሟ ነው፤ ያለእሷ ማንም መመዝገብ አይችልም።

«ልጄ ያውቃል» አለች።

ይሄን ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል። ለምን እንዳመነችው ይገባኛል። ያን ሁሉ ቅዳሜ ዓይን የሆናት እሱ ነው። ይሄ እየዋሸ ነው ባለ ቁጥር ሰውዬው እየዋሸ ነበር፤ ይሄ አለው ባለ ቁጥር ነበረው። አንድም ቀን ተሳስቶ አታውቀውም። እንዴት ይሳሳታል? የሁሉም ካርታ ተከፍቶለት! እሷ ስክሪኑን አታይ፣ ምን ታውቃለች። ጎበዝ ነው ብላ ነው።

ዓርብ ከመሥሪያ ቤት አስፈቅጄ በታክሲ መጣሁ። የእትዬ ልጅ ሻርፗን አጣፍታ በራችን ላይ ቆማለች።

«እማማ፣ እናቴ ያለእርስዎ አልመዘገብም ብላለች። እባክዎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከኔ ጋር ይምጡ፣ ይዤዎት እሄዳለሁ።»

ወንድሜ ከውስጥ «ሰኞ ይሄ ሁሉ ይረሳል፣ ታያለሽ» አላት።

እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እርግጠኛ ነህ ልጄ?»

«እማዬ፣ ሁለት ንጉሥ ይዘን ነው የምንጥለው?»

እማዬ ነጠላዋን ልታነሳ የዘረጋችውን እጅ መለሰችው። እኔ እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ለመንኳት። «አትጨቃጨቁብኝ በእመቤቴ» አለች፣ አለቀ። የእትዬ ልጅ ቢሮው ሊዘጋ እስኪል ድረስ ጠበቀች። ከዚያ እናቷን ጎትታ ወስዳ፣ በሌላው በኩል ካሉት ጎረቤታቸው ጋር አስመዘገበቻቸው። አልፈርድባትም። እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የማደርገው።

ሰኞ ማንም አልመጣም። ወንድሜ ሰኞ ዕለት ግቢው ውስጥ ሲንጎራደድ ብታዩት! ማክሰኞም አልመጡ። ያን ሳምንት በሙሉ እንደ ሊቅ ሲያየን ከረመ። በሳምንቱ ዶዘሩ በሆቴሎቹ በኩል ገባ።

እትዬ በወጡበት ጠዋት እማዬ አንኳኳች፣ እሳቸውም መለሱ፣ ዱም፣ ዱም። ከዚያ አይሱዙው መጣ፣ ዕቃቸው ተጫነ። ሲሰነባበቱ ለረጅም ጊዜ ተቃቅፈው ቆሙ፤ እትዬ «ምን አለች? ምን አለች?» እያሉ ልጃቸውን ይጠይቃሉ፣ እማዬ ግን ምንም አላለችም ነበር። የእትዬ ቤት ቆርቆሮ ተነቀለ፣ የፊቱ ግድግዳ ፈረሰ፣ የኛና የሳቸው ግድግዳ ብቻ ቀረ። እማዬ በዚያ በኩል ውሰጂኝ አለችኝ። ወሰድኳት። እትዬ ይተኙ የነበረበትን ቦታ ግድግዳውን በእጇ ዳበሰችው፤ መዳፋቸው ያረፈበት ቦታ ልስልስ ብሎ ነበር። «ይኸው» አለች።

እኛ ዕጣ ያወጣነው መጨረሻ ላይ ነው፣ ለብቻችን። ያቺ የወረዳ ልጅ ነበረች። አንድ አዛውንት ውሃ የት ይገኛል ብለው ሲጠይቋት፣ ገመዷን እየጠመዘዘች «በጓሮ በኩል ነው አባቴ» አለቻቸው። ስልክ ስታነሳም ትጠመዝዘዋለች። ሻይ ስታዝም ትጠመዝዘዋለች። ልማዷ ነው በቃ። ወንድሜን በክርኔ ጎሰም አድርጌ «እያት» አልኩት። አያት። ፊቱ አመድ ሲመስል አየሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ አሳዘነኝ። ያቺ ልጅ ከኛ ጋር እየተጫወተች እንኳን አልነበረም። የተባለችውን ነገረችን፣ አለቀ። እሱ ነው ካርታ ያስያዛት።

ዕጣው ሲወጣ እትዬ በከተማው አንድ ጫፍ፣ እኛ በሌላው ጫፍ ሆንን። ይቀየርልን ብለን ያልሄድንበት በር የለም። ዓርብ አልፏል እኮ ይላሉ፣ በትህትና።

አዲሱ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። ንጹሕ ነው፣ ቧንቧው ውስጥ ነው፣ አልዋሽም። እማዬ ግን ደረጃውን ስለምትፈራ አትወርድም። አንድ ጊዜ እትዬን ልታይ ወሰድናት፤ ታክሲ መቀያየሩና ግፊያው አሳምሞ አስተኛት፣ ከዚያ ወዲያ አልደፈርንም። ስልክ ስንደውል እትዬ «ሃሎ? ማነው? ሃሎ?» ይላሉ፣ እማዬ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ትላለች፣ እሳቸው «ሃሎ?» ይላሉ። ልጃቸው ተቀብላ ሰላም ብላችኋለች ትለናለች። አሁን መደወሉንም ትተነዋል።

ወንድሜ መጀመሪያ ሰሞን አንድ ነገር ይል ነበር። «ውሳኔው ልክ ነበር፤ ውጤቱ ነው የተበላሸው። ማለቴ፣ በነበረን መረጃ...»

«ዝም በል!» አልኩት። «በማን ነው የተጫወትከው? ሽማግሌው እንኳ በራሱ ገንዘብ ነው የተጫወተው! ተነስቶ እራቱን በልቶ ነው የተኛው!»

እማዬ ከመኝታ ቤት «ተይው» አለችኝ። እሱም ከዚያ ወዲህ አላለም። ቴሌቪዥኑን ይከፍታል፣ ሰዎቹ ይጫወታሉ፣ ድምፁን አጥፍቶ ያያል። «ማን ምን ያዘ?» ብላ እማዬ አትጠይቅም፣ እሱም አይነግራትም።

እማዬ ግን ጠዋት ጠዋት ማንኳኳቱን አልተወችም ነበር። እጇ ለምዶ። ነቅታ፣ ገና ሳትናገር፣ በቀለበቷ ሲሚንቶውን ታንኳኳለች፤ ከዚያ ትዝ ይላትና እጇን ወደ ብርድ ልብሱ ትመልሰዋለች። ከዚያ ግድግዳ ወዲያ ሰው የለም፣ የጋራው በረንዳ ነው። እኔ ሥራ ልወጣ ስለባብስ በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ ወንድሜም ሳሎን ሶፋው ላይ ተኝቶ ይሰማዋል። ሁለታችንም ስለሱ ተነጋግረን አናውቅም።

አንድ ጠዋት አንኳኳች። ከወዲያ በኩል ዱም፣ ዱም አለ።

 ሳሎን ስወጣ ሶፋው ባዶ ነው፣ የውጭው በር ገርበብ ብሏል። ብቅ ብዬ ሳይ ወንድሜ በባዶ እግሩ በረንዳው ላይ ቆሟል፣ መዳፉ ግድግዳው ላይ፣ ልክ እንደ እትዬ ጣቶቹን ዘርግቶ። አየኝ። አትናገሪ የሚል ፊት ነበር። ያን ያህል ሰው ሲያስፈራራ፣ ሲዋሽ፣ ሲነቃበት ያየ ሰው፣ እንደዚያ ፊቱ ላይ ሁሉ ነገር ተጽፎበት አይቼው አላውቅም።

 ከውስጥ የእማዬ ድምፅ መጣ፣ ረጋ ብሎ።

«ግባ ልጄ። በረንዳው ይበርዳል።»

ገባ። ሶፋው ላይ ተቀመጠና እግሩን ሸፈንኩለት። ከዚያ ቀን ወዲህ እማዬ አታንኳኳም። ስትነቃም አናውቅም፤ አንዳችን ገብተን እስክንጠራት ድረስ ዓይኗን ገልጣ ዝም ብላ ትተኛለች።