ጥቅምት ሠላሳ

አባትየው ከአቦምሳ የመጡት ለልጃቸው አርባ የሚሆን ፎቶ ፍለጋ ነበር። ልጅቷ አዳማ ውስጥ፣ እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ በምሠራበት ኮሌጅ ትማር ነበር። ሞጆ መንገድ ላይ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገልብጦ ሞተች፤ ፎቶዎቿ ሁሉ ያሉበት ስልኳም እዚያው ጠፋ። የቀረው ለመታወቂያ የተነሳችው ብቻ ነበር። እሱም ያለው መብራት ሄድ መጣ እያለ ባቃጠለው ሰርቨራችን ላይ ነው።

ሰውየው አንጀቴን በሉት። ቁጭ ይበሉ አልኳቸውና ቀደም ሲል የተቀመጠውን የተማሪዎች መረጃ ቅጂ አዲሱ ሰርቨር ላይ መመለስ ጀመርኩ። እምቢ አለ። አስጀምረዋለሁ፣ መሀል ላይ ይቆማል። የፋይሉን ቦታ አየሁ፣ የይለፍ ቃሉን አየሁ፣ ደህና ናቸው። ትዕግስት የሚባል አልፈጠረብኝም፤ እሳቸው ባይኖሩ በእርግጫ እለው ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና፣ በመጨረሻ ረጋ ብዬ ስህተቱን አነበብኩት። በሁለተኛው ወር ሠላሳ የሚባል ቀን የለም ይላል።

ያኔ ገባኝ። ሬጅስትራሯ የልደት ቀን የምታስገባው በእኛው አቆጣጠር ነው፤ ሁለተኛው ወር ደግሞ ጥቅምት ነው። አሮጌው ሰርቨር ቀን እንዳያጣራ ተደርጎ ስለተስተካከለ ዝም ብሎ ይቀበል ነበር። አዲሱ ግን ሁለተኛ ወር ሲባል የሚያውቀው የፈረንጆቹን ፌብሩዋሪ ብቻ ነው።

አባትየው ምን አለ ብለው ጠየቁኝ። ጥቅምት ሠላሳን አላውቅም ይላል አልኳቸው።

"ልጄ የተወለደችው ጥቅምት ሠላሳ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

የቀን ማጣሪያውን አላልቼ እንደገና ሞከርኩ፤ ተመለሰ። ስሟን ስጽፍ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ሳቋን አፍና መጣች። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ከፎቶው ሥር ያለውን አነበቡ፦ "በትምህርት ላይ።" ቅጂው የተወሰደው በሕይወት ሳለች ነበር፤ መሞቷን አያውቅም።

"እንዲህ እንዳለች ተዋት፣ ልጄ" አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ ሰጠኋቸውና እስከ መናኸሪያ ሸኘኋቸው።

ስመለስ ከቅጂው ወዲህ የተለወጠውን ሁሉ እንደ አዲስ ማስገባት ነበረብን። ሬጅስትራሯ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። የልጅቷ ስም ላይ ስንደርስ እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። ሬጅስትራሯ ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ "አርፋለች" የሚለውን ጻፈችው። እኔ ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ።