ለጋሽ ማዳልቾ ያጠበብኳቸው ቀለሃዎች

ባለፈው ሳምንት ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ አንዲት ሴት የተሰነጠቀ የናስ ቧንቧ ይዛ ቤቴ መጣች። ሦስት ባለሙያዎች ጣይው ብለዋታል። እኔ ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ ጨርሼ ሰጠኋት። ናስ ጠባዩ እንደ ብረት አይደለም። ብረት ከእሳት ወጥቶ ውኃ ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፤ ናስ ግን እሳት ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ ዱላ ሲበዛበት ይደርቃል። "ይህን የት ተማሩት አባባ?" አለችኝ። "ራሴን በራሴ" አልኳት። እውነት ነው። በምን እንደተማርኩት ግን አልነገርኳትም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ቢሆንም ሲቀላ ገበያ አጠገብ ባለችው ቆርቆሮ ቤቴ የእጅ ሰዓትም የእህል ወፍጮም ይመጣልኝ ነበር። ሞርሳዬን እንኳ የሠራሁት እኔው ነኝ። ስሜ ደጋ ላይ ያለው ገረሴ ድረስ ወጥቶ ነበር ብል አላጋነንኩም።

የበልግ ዝናብ አብቅቶ በቆሎ እሸት በያዘበት ሰሞን ጋሽ ማዳልቾ የሚባል የላንቴ ገበሬ መጣ። ከጫካው ጥግ ያለ ማሳውን ዝንጀሮ እየጨረሰበት ነበር። ጠመንጃ አለው፣ ፈቃዱም በኪሱ ነው፤ እሱ ለዓመታት መንገድ የመራው አንድ ፈረንጅ አዳኝ አገሩ ሲገባ የተወለት ነው። ችግሩ ጥይቱ ነው። ፈረንጁ ጥይቱን የትም አይገዛም ነበር፤ የትልቅ ጠመንጃ ቀለሃ አፉን አጥብቦ፣ ትንሽ አረር እያጎረሰ ራሱ ነበር የሚሠራው። እንዲህ ያለ ጥይት ገበያ አይወጣም። አረሩና ባሩዱ ከዕቃው ጋር ቀርቷል፤ አፉ የጠበበው ቀለሃ ግን አልቋል፤ ያለው ያልተጠበበው ብቻ ነው።

"እንደዚህ አድርገህ ታጠብበዋለህ?" ብሎ አንድ ናሙና መዳፌ ላይ አስቀመጠ። አንገቱ እንደ ጠርሙስ የቀጠነ፣ ሲያዩት ደስ የሚል ነገር ነበር።

"በሳምንት ውስጥ አሥራ ሁለት አደርስልሃለሁ" አልኩት።

ማጥበቢያውን ከተሰበረ የካሚዮን አክሰል ፈልፍዬ አወጣሁት። እንዲህ ያለ ሥራ ዛሬም የሚሠራ አላየሁም። ግን የመጀመሪያው ቀለሃ አንገቱ ላይ ተሰነጠቀ፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። በአራተኛው ቀን ናሱ መለስለስ እንዳለበት ገባኝ። ልጅ ሆኜ ደጋ ላይ አንጥረኞች ሲሠሩ አይ ነበር፤ ብረቱን እንዳለ ፍም ውስጥ ይቀብሩትና ወናፍ ይነፉበታል። እኔም ቀለሃዎቹን እንዳሉ ፍም ውስጥ ከተትኳቸው። ቀልተው ሲወጡ እንደ ጭቃ ታዘዙልኝ።

ጋሽ ማዳልቾ ደርሶ ቆሞ ያይ ነበር። "ፈረንጁ እንኳ እንደዚህ አያደርግም ነበር" አለ። "የቀለሃውን ቂጥ በጣቱ ይዞ አፉን ብቻ ሻማ ላይ ያሞቃል። ጣቱን ሲያቃጥለው ይጥለዋል።"

"ፈረንጅ ከሰል ማቀጣጠል የት ያውቃል!" አልኩት።

ሳቀ። "አንተ ልጅ፣ አፍህ ከእጅህ ይፈጥናል።"

"እጄን ደግሞ ነገ ታየዋለህ።"

በማግስቱ ቀለሃዎቹን ይዤ ላንቴ ወረድኩ፤ ጋሽ ማዳልቾ ጥቂቶቹን በባሩድና በአረር ሞላ። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ላይ ይንቀለቀላል፣ ከአባያ በኩል የእርጥብ ሣር ሽታ ይመጣል። ሚስቱ በሽፈራው ቅጠል የተቀቀለ የበቆሎ ዱቄት ከዳጣ ጋር አቀረበችልን። የልጆቹ የዓመት ቀለብ በዚያ ማሳ ላይ መሆኑን እየነገረችኝ በላሁ። ከዚያ ዝንጀሮዎቹ መጡ።

የመጀመሪያው ተኩስ መንጋውን በተነው። ጋሽ ማዳልቾ ዞሮ "ጎበዝ!" አለኝ። ሁለተኛውም ደህና ነበር። በሦስተኛው ድምፁ ሌላ ሆነ። ጠመንጃው ወደቀ፣ እሱም ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ በቆሎው መሃል ተቀመጠ። በጣቶቹ መካከል ደም ይወርድ ነበር።

ሙዝ በጫነ መኪና ከተማ ወሰድነው። ቀኝ ዓይኑ አልተረፈም። ተመልሼ ጠመንጃውን ስከፍት የቀለሃው ቂጥ ተቀዶ፣ ግፊቱን ወደ ኋላ ለቆት አገኘሁት። የቀሩትን በጉጠት ብጨብጣቸው ታችኛው ክፍላቸው ተጣመመ። ፈረንጁ ቂጡን በጣቱ የሚይዘው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አንገቱ መለስለስ አለበት፤ የባሩዱን ግፊት የሚሸከመው ቂጡ ግን እሳት ሊነካው አይገባም። ሁሉንም ለቃቅሜ አባያ ጣልኳቸው።

በጋሞ ክፉ ነገር ሲደርስ ጎሜ ይፈለጋል። የተደበቀ በደል አለ ማለት ነው፤ በአፍ ተነግሮ ካልወጣ አይርቅም። ዓይኑ በታሰረ በወሩ ሽማግሌዎቹ በሸንጎው ሜዳ፣ በዱቡሻ ተቀመጡ። እኔም ተጠራሁ።

"ዓይን በከንቱ አይጠፋም" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ልጅ፣ ያንተ ሥራ ነው። ጉድለት ነበረው?"

ሣሩ ላይ ከመቶ የማያንስ ሰው ተቀምጧል። ግማሹ ደንበኛዬ ነው።

"ሥራዬ ልክ ነው" አልኩ። "ሁለቱ በደህና ተተኩሰዋል።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ጋሽ ማዳልቾ ተመለሱ። "እንግዲህ ልብህን ፈትሽ።"

 ጋሽ ማዳልቾ ተነሣና፣ አባቱ ሊሞቱ ሲሉ የውኃው ዳር መሬት ለሱ ይሁን ማለታቸውን፣ ታናሽ ወንድሙ ግን በዚያ ማልቀሱን ተናገረ። "ሌላ የማውቀው የለም። ይህ ይሆናል" አለ። ወንድሙ "የረሳሁት ነገር ነው፣ አልፈልግም" ብሎ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ጎሜ ነው አሉ። በግ ታረደ፣ መሬቱ ለወንድሙ ተሰጠ። እኔ ከበጉ በላሁ።

ለጋሽ ማዳልቾ የቀረው የጫካው ጥግ ማሳ ብቻ ሆነ፤ እሱን ደግሞ ዝንጀሮ ጨረሰው። በሁለተኛው ዓመት ማረሱን ትቶ መንገድ ዳር ሙዝ የሚጭን ወዛደር ሆነ። ባለፍኩ ቁጥር ባንድ ዓይኑ ለይቶኝ "ጎበዙ!" ብሎ ይጣራል፤ ለሾፌሮቹም "ሞተር ቢበላሽባችሁ እሱ ጋ ውሰዱት" ይላል። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። አንድ ቀን ቀብሩ ላይ ቆምኩ።

አሁን ለማን ይነገራል? ሽማግሌዎቹ የሉም። የውኃው ዳር መሬት ለወንድሙ ልጆች ተከፋፍሎ ሙዝ ተተክሎበታል፤ ብናገር አንዲት ክንድ አይመለስም። ጎሜ የሚወጣው ለተበደለው ሲነገር ነው፣ ወረቀት ላይ ሲጻፍ አይደለም።

የጋሽ ማዳልቾ ልጆች ግን ዛሬም ይመጣሉ። ትናንት ታላቁ የውኃ ፓምፕ ተሸክሞ መጣ። "አባታችን ከሱ በቀር ለማንም አትስጡ ይለን ነበር" አለኝ። ተቀበልኩት። ዛሬ ጠዋት ፈታሁት፣ ጠረግሁት፣ ገጠምኩት። በደንብ ይሠራል።