የአውራ ጣት ስፋት

ባለፈው ሰሞን ሶዶ፣ ባንክ ውስጥ ወረፋ ይዤ ቆሜ፣ ከፊቴ ለነበሩ አንድ ሽማግሌ የማኅተም ቀለሙ ቆርቆሮ ሲከፈትላቸው ያ ጎምዘዝ ያለ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ወደ እናቴ የጽሕፈት ሱቅ መለሰኝ። ሽማግሌው ወረቀቱን ሳያስነብቡ ጣታቸውን ሲያሳርፉበት አያቴ ትዝ አሉኝና፣ «ምን እንደሚል ጠይቀዋል?» ልላቸው ምንም አልቀረኝ።

ሱቃችን ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብና መብራት ሲጠፋ፣ እናቴ ኮምፒውተሯን በጨርቅ ሸፍና፣ ማመልከቻ ሊያስጽፉ የመጡትን ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ ጉዳያቸውን ታዳምጥ ነበር። የታይፕ ሥራን በጽሕፈት መኪና የጀመረች ሴት ስለነበረች በአንድ ነገር አትደራደርም፤ የአንቀጽ የመጀመሪያ መስመር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መጀመር አለበት። በስክሪኑ አናት ካለው ማስመሪያ ላይ ያለችውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን በማውዝ ገፋ ስታደርጋት መስመሩ እሺ ብሎ ይገባላታል። እንግዳ ሰው ቤት ሲገባ ደጃፍ ላይ ቆም እንደሚለው ነው ትለኝ ነበር።

አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ቦምቤ አካባቢ ገጠር ይኖሩ ነበር። ለገበያ ሶዶ ሲመጡ እኛ ቤት ያርፉና ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው በሩን እያዩ ይቀመጣሉ፤ እናቴ ብቅ ስትል ከአባቴ ጋር የያዙትን ጨዋታ ዝቅ አድርገው በወላይትኛ ይቀጥላሉ። ወላጆቿ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ የከተሙ ነጋዴዎች ስለነበሩ ቋንቋውን የማትሰማ ይመስላቸው ነበር። እሷ ግን ሶዶ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ሁሉንም እየሰማች እንዳልሰማች ሆና ቆጮውንና ዳጣውን አቅርባ ትወጣ ነበር። ለነገሩ አያቴ እሷን ብቻ አልነበረም የሚጠረጥሩት፤ ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር የሚባለው ለእርሳቸው የተባለ ይመስለኝ ነበር። በወጣትነታቸው ከጎረቤት ጋር ተዋውለው በአውራ ጣታቸው ፈርመው ከሄዱ በኋላ፣ ወረቀቱ ላይ በቀረው ባዶ ቦታ «ባሕር ዛፉን ጨምሮ» የሚል ገብቶበት ያን ሁሉ ዛፍ ተነጥቀዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከዚያ ወዲህ የሚፈሩት የተጻፈውን ሳይሆን ያልተጻፈውን ነበር።

አንድ መስከረም፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ተከብሮ ሥጋው ሳያልቅ፣ አያቴ መሬታቸውን በቁማቸው ለሁለቱ ልጆቻቸው ሊያካፍሉ መቁረጣቸውን ተናገሩ። የእንሰቱ ጓሮ ለታላቁ አጎቴ፣ የወንዙ ዳር መሬት ለአባቴ ሊሆን ነው። ጽሑፉን እናቴ ትጻፈው ሲሉ አጎቴ ጎኔ ተቀምጦ ነበርና ማላመጡን ማቆሙን አይቻለሁ። እናቴ ግን ያን ቀን ፊቷ በራ። እርሷን ያጓጓት መሬቱ አልነበረም፤ ከተዳረች ጀምሮ አማቷ እንዲያምኗት ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት።

ጥቅምት ላይ አያቴ ሱቅ መጥተው ከጀርባዋ ቆሙ። ፊደል ባይቆጥሩም ስክሪኑን እንደ ጠበቃ ነበር የሚመረምሩት። ጽፋ ስትጨርስ በአንቀጾቹ መጀመሪያ ላይ የቀረውን ክፍተት በጣታቸው እየነኩ ምን እንደሆነ ጠየቋት።

«ባዶ ነው አባባ፣ ምንም የለበትም» አለቻቸው።

«ባዶ ከሆነ ለምን ተቀመጠ?»

እናቴ ሦስት ማዕዘኗን ወደ ጠርዝ መልሳ ጽሑፉን እንደ ግንብ ቀጥ አድርጋ አተመችው፤ አያቴም ደስ ብሏቸው ወሰዱት።

ኅዳር ላይ ወረቀቱ ቦምቤ ሽማግሌዎች ፊት ሲነበብ ጉድ ፈላ። የአጎቴ ድርሻ የተጻፈበት አንቀጽ የመጨረሻ መስመሩ እስከ ጠርዝ ሞልቶ ስለነበር፣ ዓይናቸው የደከመው አንባቢ በመስመሩ ጫፍ ያለውን የአጎቴን ስምና አራት ነጥቡን ሳያዩ ወደ አባቴ አንቀጽ አልፈው፣ የእንሰቱን ጓሮም የወንዙን ዳርም በአንድ ትንፋሽ ለአባቴ ሰጥተው ቁጭ አሉ። አጎቴ ብድግ ብሎ፣ ይህ የሴትዮዋ ተንኮል ነው አለ። አያቴ አልወቀሷትም፣ አልተከላከሉላትምም፤ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። አባቴ በአባቱና በሚስቱ መካከል ሆኖ መሬት መሬት ያይ ነበር። በመልሱ አውቶቡስ እናቴ ሶዶ እስክንደርስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች፤ እኔም አጎቴን ጠላሁት፣ አያቴንም ጠላኋቸው።

ጥር፣ መንገዱ አቧራ በአቧራ በሆነበት ወር፣ አያቴ ከአጎቴ ጋር ሱቃችን በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። ወረቀቱ እንደገና ይጻፍ፣ ግን ክፍተት አይኑርበት አሉ። እናቴ በዚህኛው ጊዜ አልተለማመጠችም። ክፍተት ከሌለ የማን ድርሻ የት እንደሚያልቅ አይለይም፣ ኅዳር ላይ የሆነውም እሱ ነው አለች። ከዚያ ወንበሯን ሳብ አድርጋ አስጠጋቻቸውና ያልጠበቅነውን ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ አውራ ጣትዎን እዚህ መስተዋት ላይ ያሳርፉ።»

አያቴ ዞር ብለው አጎቴን አዩት፤ እሱም ምን ሊመጣ ነው በሚል ፊት ቀረበ። አያቴ እያመነቱ ያን ሰፊ፣ አፈር የጠገበ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አጋድመው ሲያሳርፉ፣ እናቴ ሦስት ማዕዘኗን እየገፋች ከጣታቸው ጫፍ ስትደርስ አቆመቻት። አተመች፤ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አስለክታ፣ ጠበብ ሲልባት ጥቂት ጨምራ ደግማ አተመች። ቀጥላ የቀለሙን ቆርቆሮ ከፍታ ፊታቸው አኖረችና፣ ክፍተቱን ሁሉ በአሻራዎ ይሙሉት፣ ከዚያ ማንም ምንም አይጨምርበትም አለች።

አያቴ መጀመሪያ ሳቁ፤ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። መግቢያው ላይ አተሙ፣ በአጎቴ ድርሻ ላይ አተሙ፣ በሕይወት እስካሉ እርሻው ከእጃቸው እንደማይወጣ በሚናገረው በመጨረሻው አንቀጽ ላይም አተሙ። ከዚያ ጣታቸውን በጨርቅ ጠረጉ። አጎቴ ጎንበስ ብሎ አየና የአባቴ ድርሻ ክፍቱን መቅረቱን አመለከተ።

«አባ፣ አንዷን ረስተዋል።»

«አልረሳሁም» አሉ አያቴ፤ በወላይትኛ መናገር ሲችሉ በአማርኛ ነው ያሉት። ወረቀቱን ወደ እናቴ ገፋ አደረጉላት። «ይህችን አንቺ ጠብቂያት፣ ልጄ።»

እናቴ ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅ ወረቀቱ ላይ እፍ ትል ጀመር፤ ከደረቀ በኋላም እፍ ማለቷን አላቆመችም።

ከዚያ በየዓመቱ ለጊፋታ ቤቱ ሲጸዳ፣ ወረቀቱን ከሳጥን አውጥታ ያችን ክፍት ቦታ አይታ ትመልሰው ነበር። አያቴ ያረፉ ጊዜ አጎቴ መጥቶ ወረቀቱን አሳዩኝ አለ፤ ወደ መስኮቱ ወስዶ ክፍተቷን በብርሃን አገላብጦ፣ በጥፍሩ ጫር ጫር አድርጎ መረመራት። ምንም እንዳልተጨመረባት ሲያይ አቀርቅሮ ተቀመጠና፣ እናቴ ያቀረበችለትን ሳይመርጥ በላ።

እኔ ዛሬ በዚያው ሙያ መጽሐፍ እያቀናበርኩ እኖራለሁ። ገባ የሚለውን መስመር በማውዝ መግፋት ቀርቷል፤ አንድ ቁጥር እሰጣለሁ፣ አንቀጹ ሁሉ አንድ ላይ ገባ ይላል። ሰዎች ሥራቸውን በስልክ ይልኩልኛል፣ «አንቺ እንዳየሽ አድርጊው» ይሉኛል፣ ሲያልቅም ሳያነቡ እሺ ይላሉ። እኔ ነኝ የምጠረጥረው፤ ደግሜ ደጋግሜ የማየው እኔ ነኝ። ዛሬ ሙሉ መጽሐፍ አምነው ይሰጡኛል፤ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀቻትን የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል የከበደኝ ግን እስካሁን የለም።